በርሊንን በስምንት ጎማ

በልጅነታችሁ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወስደውን ቁልቁለት በኩሽኔታ ጋሪ የወረዳችሁ ካላችሁ ይህችን ወግ ከማንም በላይ ትረዱልኛላችሁ። ከጋራዥ ያረጀ ኩሽኔታ እንለምናለን፣ የጣውላ ቁራጭ ላይ እንቸነክራለን፣ አንዱ ይቀመጣል፣ ሌላው ይገፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእግዜር ሥራ ነው። ጩኸቱ ሰፈሩን ያናውጠዋል። አክስቴ በራቸው ላይ ቆመው «ዛሬስ ሬሳችሁን ነው የማስለቅመው!» እያሉ ይረግሙን ነበር። ከሁላችንም ይልቅ ፍሬን የሚባል ነገር የማይወደው ደግሞ የገዛ ልጃቸው ነበር።

ይኸው የአክስቴ ልጅ ትንሽ ከፍ ሲል ከመርካቶ የተገዛ ልባሽ ሮለር ስኬት እግሩ ላይ አሰረና መስቀል አደባባይን ቤቱ አደረገው። ታክሲ ኋላ ተንጠልጥሎ የቦሌን መንገድ ሲከንፍበት በዓይኔ አይቻለሁ። (ይህን የምታደርጉ ካላችሁ ተዉ! ሚኒባሱ ድንገት ሲቆም ፍሬን የሚሆነው የእናንተ ጥርስ ነው።) እናቱ «እግርህ ላይ ያሰርከው ምንድነው?» ሲሉት «ስኬት ነው እማዬ» ይላቸዋል። «ስኬትማ ቢሆን ኖሮ ደብተርህ ላይ አየው ነበር» ይሉታል።

ዛሬ ልጁ በርሊን ነው የሚኖረው። ሌሊት አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይደረድራል፣ ጠዋት ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ይንሸራተታል። እኔ በ2016 ዓ.ም. የአዲስ ዓመት ማግስት ለሥራ ጉዳይ ወደዚያ ስሄድ ያረፍኩት እሱ ዘንድ ነበር። እንደማንኛውም እንግዳ መጀመሪያ የግንቡን ፍርስራሽ የሚያሳየኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሻንጣዬን እንኳ በቅጡ ሳላስቀምጥ «ና፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላሳይህ» አለኝ።

«እንዴ! አሁን ከዚያ አይደል የመጣሁት?»

«ይሄኛው አውሮፕላን የለውም።»

እውነቱን ነው። ቴምፕልሆፍ ይባላል፤ ከተማው መሀል የተንጣለለ ከ300 ሄክታር በላይ የሆነ ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ሶቪየቶች ምዕራብ በርሊንን ዙሪያውን ሲዘጉት እህሉም ከሰሉም በአየር እየተጫነ ከሚወርድባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነበር። በ2008 አውሮፕላን ማረፊያነቱ አበቃ፣ በ2010 ለሕዝብ መናፈሻነት ተከፈተ። ይህን የመሰለ መሬት መሀል ከተማ ላይ ባዶውን ሲገኝ ምን እንደሚሆን መቼም እኛ እናውቃለን! እነሱም ዳር ዳሩን ቤት ሊሠሩበት አስበው ነበር፤ ግን በ2014 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠና «አይነካብንም» አለ። ስለዚህ ማኮብኮቢያዎቹ እንዳሉ አሉ። እያንዳንዳቸው ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ሰፋፊ አስፋልቶች፣ መኪና የለ፣ ታክሲ የለ፣ «ዞር በል!» የሚል ፖሊስ የለ። አንዱ ልጁን በጋሪ ይገፋል፣ አንዱ ሳሩ ላይ ሥጋ ይጠብሳል፣ ከመካከላቸው ደግሞ ጠባብ ልብስ የለበሱ ሰዎች አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጥለው፣ አጎንብሰው፣ ቁጭ ሊሉ እንደደረሱ ሰዎች ጉልበታቸውን አጥፈው ዥው... ብለው ያልፋሉ።

ታዲያ ሜዳው የማይለቅ አንድ ነገር አለው፤ ነፋስ። አውሮፕላን ለማንሳት የተመረጠ ቦታ ነውና ከዳር እስከ ዳር ይጠርገዋል። ያገሬ ልጅ የእነዚህን ሰዎች ውድድር ምሥጢር ያስተማረኝም እዚያው ነፋሱ ውስጥ አቁሞ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚንሸራተት ሰው ዋና ጠላቱ አስፋልቱ አይደለም፤ አየሩ ነው። ከፊት ያለው ነፋሱን ይገጫል፣ ከኋላው የተለጠፈው በእሱ ጥላ ውስጥ ሆኖ ጉልበቱን ይቆጥባል። ስለዚህ ተወዳዳሪዎቹ እንደ ባቡር ፉርጎ ተከታትለው ይሄዳሉ፣ በየተራ ወደ ፊት እየወጡ ይጎትታሉ። ከባቡሩ የተቆረጠ ሰው፣ የፈለገውን ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ ብቻውን አይመለስም። የብስክሌት ውድድር ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

«የኔ ችግር እሱ ነው» አለኝ። «አሠልጣኙ ሁልጊዜ ይጮህብኛል። ከኋላ መቀመጥ አልችልም። እኛ መስቀል አደባባይ ላይ ከፊት ያልሆነ ሰው ፋራ ነበር፤ ታስታውሳለህ?»

አስታውሳለሁ።

የልጁ ሕልም ፕሮፌሽናል መሆን ነው። እኔም እንደ እናንተ ቃሉን ስሰማ የታየኝ የእግር ኳሰኞቹ ቪላና መኪና ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው። በመንገድ ላይ ስኬት የሚገኘው ገንዘብ ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ ነው፤ ጥሩ ቡድን ውስጥ የገባ ሰው ጫማና ጎማ ይሰጠዋል፣ የመመዝገቢያና የጉዞ ወጪው ይሸፈንለታል፣ ከፊት ከገባ ሽልማት ያገኛል። ከዚያ ውጭ ብዙዎቹ ተማሪ ናቸው ወይም እንጀራቸው ሌላ ነው። ዋናው ምክንያት ደግሞ ስፖርቱ ኦሊምፒክ ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ቦነስ አይረስ ላይ በወጣቶች ኦሊምፒክ ብቅ ብሎ ነበር፣ የትልልቆቹ ግን በሩን አልከፈተም። ስለዚህ የጎማ ጎበዞች ወደ በረዶ ይሰደዳሉ። በርሊንን ደጋግሞ ያሸነፈ አንድ ቤልጂየማዊ የኦሊምፒክ ወርቁን ያገኘው በ2022 ቤይጂንግ ላይ በበረዶ ነው። ያገሬ ልጅ ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፈው ፎቶ ግን የእሱ አይደለም፤ የአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ነው። በረዶ የማያውቃት የፍሎሪዳ ልጅ፣ በጎማ አድጋ፣ በረዶ ላይ ከወጣች ጥቂት ዓመት ሳይሞላት በዚያው ቤይጂንግ 500 ሜትር አሸነፈች። በክረምት ኦሊምፒክ በግል ውድድር ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። «እሷ ፍሎሪዳ፣ እኔ ሽሮ ሜዳ፤ ምን ይለየናል?» ይላል። ብዙ ነገር እንደሚለያቸው ልነግረው ፈልጌ ዝም አልኩ።

ለነገሩ አንድ ቡድን ቃል ገብቶለት ነበር። የበርሊንን ማራቶን ከ1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ በታች ከገባ ለሚቀጥለው ዓመት ማልያቸውን ያለብሱታል። ደሞዝ የለውም። ጎማ፣ መመዝገቢያ፣ መኪናቸው ውስጥ አንድ መቀመጫ፤ በቃ። እሱ ግን የሰማው «ፕሮፌሽናል» የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር።

ዓርብ ማታ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ጎማዎቹን ፈታታቸው። በእያንዳንዱ ጫማ አራት፣ በጠቅላላው ስምንት ጎማ፤ እያንዳንዱ ጎማ ውስጥ ሁለት ኩሽኔታ፤ አሥራ ስድስት። አንድ በአንድ እያጠበ፣ እያደረቀ፣ በዘይት ጠብታ እያራሰ ይደረድራቸዋል። እናቱ ጤፍ ሲለቅሙ እንዲህ ነበር የሚቀመጡት። ጫማው አጠር ያለ ነው፣ ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም፤ በሙቀት ተለስልሶ በእግሩ ቅርጽ የተሠራ ስስ የካርቦን ቅርፊት ነው። ፍሬን የለውም። ዋጋውን ጠየቅኩት። አልመለሰም። እንዲህ ያለ ዕቃ ከሺህ ዩሮ በላይ ሊያወጣ እንደሚችል አንድ ሱቅ መስኮት ላይ አይቼ ነበር።

በዚህ መሀል ስልኬ ጠራ። አክስቴ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ። የሥራ ሰዓት ቀነሱብኝ ብሎ ሁለት ወር አልላከልኝም። ክረምቱን ሙሉ ጣራው እያፈሰሰ ጎድጓዳ ሳህን ሳዞር ነው የከረምኩት። ገንዘቡስ ይቅር፤ ታሞብኝ እንዳይሆን?»

ጫማውን አየሁት። ልጁን አየሁት። ልጁ ኩሽኔታውን ያያል።

«ደህና ነው እትዬ። ሥራ ውሎ ደክሞት ተኝቷል» አልኳቸው። አየዋሸሁ እንደሆነ ድምፄም ያወቀ መሰለኝ። ስልኩን ስዘጋ ግን አልቻልኩም፦

«የእናትህን ጣራ እግርህ ላይ አድርገህ ነው የምትንሸራተተው?»

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ «በአንድ ሰዓት ከአምስት ከገባሁ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። እኔም እንደ ታላቅ ወንድም ልቆጣው ጀምሬ ትዝ አለኝ፤ ያን የኩሽኔታ ጋሪ ከኋላ ሆኜ ስገፋ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ መስከረም 12 ደረሰ። የበርሊን ማራቶን ሯጮች እሑድ ይሮጣሉ፤ ያንኑ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ዋዜማውን ቅዳሜ ባለ ጎማዎቹ ይወስዱታል። ባለ ጎማዎቹ ከማራቶኑ ጋር የተቀላቀሉት በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። መነሻው ከብራንደንቡርግ በር ጀርባ ያለው ሰፊ ጎዳና ላይ ነው። ሺህ በሺህ ሰው ጎማ ለብሶ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ አስቡት! ሽማግሌ አለ፣ እርጉብ የመሰለች ኮረዳ አለች፣ ሄልሜት ያላደረገ ግን አንድ የለም፤ ያለ ሄልሜት አያስነሱም። ከፊት ዝነኞቹ ይቆማሉ፣ ሌላው በቀድሞ ሰዓቱ እየተመዘነ በየምድቡ ይሰለፋል። እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ጣጣ። ያገሬ ልጅ በርሊን ላይ ተወዳድሮ ስለማያውቅ የሚያሳየው ሰዓት የለውም። ከፈጣኖቹ ኋላ፣ ከመካከለኞቹ ጋር መደቡት። የሚይዘው ባቡር ገና ሳይነሳ አመለጠው ማለት ነው።

እኔ ኮትቡሰር ቶር የሚባለው የቱርኮች ሰፈር ሄጄ ጠበቅኩ። መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ ነው። የሩጫ ውድድር የጫማ ኮቴ አለው፤ ይሄ ግን ከሩቅ እንደ ዝናብ ይጀምርና እንደ ንብ መንጋ ሆኖ ያልፋል። የዝነኞቹ ባቡር በአንድ ትንፋሽ አለፈ፤ አንድ እግር ይመስል ሁሉም እኩል ይገፋሉ። ሰዎቹ በሰዓት ከ42 ኪሎ ሜትር በላይ እየሄዱ ውድድሩን ከአንድ ሰዓት በታች ይጨርሱታል። የእኛው ጀግና በ2001 ዓ.ም. መስከረም በዚሁ ጎዳና ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ ዓለምን ሲያስደንቅ፣ ባለ ጎማዎቹ እጥፍ ተመላልሰው ይደርሱበት ነበር ማለት ነው። ያም ሆኖ ስማቸውን የሚያውቅ የለም። እግር ይከበራል፣ ጎማ ይረሳል።

ከዝነኞቹ ኋላ ባዶ መንገድ፤ ከዚያ አንድ ሰው ብቻውን። የእኛው ነው! ከመካከለኞቹ ተገንጥሎ፣ ከፊቱ ያለውን ሁለተኛውን ባቡር ለመያዝ ነፋሱን በደረቱ እየገመሰ ይበራል። «አይዞህ!» ብዬ ጮህኩ። ቱርኮቹም ምን እንዳልኩ ሳይገባቸው አብረውኝ ጮሁ። ደስ አለኝ፤ ኮራሁም። አሠልጣኙ አጠገቤ ቢሆን ኖሮ ግን ፀጉሩን ይነጭ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

የቀረውን የነገረኝ እሱ ነው። ባቡሩን ያዘው። ይዞ ደግሞ ማረፍ ሲገባው ወደ ፊት ወጣ። ተራው ሲደርስ ዞር ማለት ሲገባው አልወጣም አለ። ከኋላው ያሉት ጀርመኖች ደስ ብሏቸው ተለጠፉበት፤ ነፃ ግልቢያ ማን ይጠላል? መንገዱ እየተሳበ፣ በማይታይ ዳገት ወደ ሀያ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ይወጣል። ዊልደር ኤበር የሚባል አደባባይ አለ፤ የዱር ከርከሮ ማለት ነው። እዚያ ላይ አንዱ ከኋላ ተወረወረ፣ ሁሉም ተከተሉ። እሱ እግሩን ሊገፋ ቢል እግሩ የለም። ከባቡሩ ጭራ መጀመሪያ አንድ ክንድ ራቀ፣ ቀጥሎ አምስት ሜትር፤ አለቀ። ኩርፉርስተንዳም የሚሉትን ያን የሀብታሞች ጎዳና፣ ከዚያም ፖትስዳመር ፕላትስን ብቻውን ነው የጨረሰው።

እኔ በባቡር ተቀያይሬ መጨረሻው ጋ ቀድሜው ደርሼ ነበር። በብራንደንቡርግ በር ምሰሶዎች መካከል ብቅ ሲል አየሁት። በዚያ በር ሥር እ.ኤ.አ. እስከ 1989 ድረስ ሰው እንደልቡ አያልፍም ነበር፤ ግንቡ ከፊቱ ነበር። ማራቶኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈበት በ1990 ሁለቱ ጀርመኖች ሊዋሃዱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ነው፤ ያኔ እያለቀሱ የሮጡ ነበሩ ይባላል። የእኛም ልጅ እያለቀሰ ነበር፤ በሌላ ምክንያት። 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከምናምን።

አቅፌ ሣር ላይ አስቀመጥኩት። የቡድኑ ሰው መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ አንድ ነገር ተናገረና ሄደ። «ምን አለህ?» አልኩት።

«ጠንካራ ነህ አለኝ። ግን እንደ ጅል ነው የተንሸራተትከው አለኝ። ሰዓት ስላለህ በሚቀጥለው ዓመት ከፊት ትሰለፋለህ፣ ያኔ እንነጋገር አለኝ።»

እሑድ ጠዋት ሯጮቹን ለማየት ስንወጣ አገሬው ሁሉ መጨረሻው ጋ ሲሄድ እሱ «ወደ ዊልደር ኤበር እንሂድ» አለኝ። የተቆረጠበትን ቦታ ማየት ፈለገ። አስፋልቱ ላይ ሰማያዊዋ የማራቶን መስመር ተሰምራለች። ትክ ብሎ አያት። ዙሪያውን ከበሮ ይመታል፣ የእኛም ሰዎች ባንዲራቸውን ይዘው ተሰብስበዋል። ሴቶቹ መጡ፣ የእኛዋ ልጅ አለፈች፣ እልልታው ቀለጠ። ያን ቀን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ የዓለምን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለችው። እኛ ግን ያንን ገና አላወቅንም፤ ምክንያቱም ልጁ በዚያ እልልታ መሀል ስልኩን አውጥቶ እናቱ ጋ ደውሏል።

ድምፃቸው እስከ እኔ ይሰማል። «ምንድነው እልልታው? አሸነፍክ እንዴ?»

«አይ እማዬ፣ የኔ ትናንት ነበር። ይሄ የሌላ ሰው ነው።» ከዚያ ፊቱን አዞረና ሁሉንም ነገራቸው፤ ጫማውን፣ ጣራውን፣ ያልተቀነሰውን የሥራ ሰዓት። ስልኩ ጭር አለ። የተዘጋ መስሎኝ ነበር።

«ስንተኛ ወጣህ?» አሉት በመጨረሻ።

«እንጃ፣ መቶ ምናምነኛ።»

«ከኋላህስ ሰው ነበር?»

«ብዙ ሺህ።»

«እንግዲያው ደህና ነው» አሉ። ትንሽ ቆየት ብለው «ጣራውን ግን ለኅዳር ሚካኤል አድርስልኝ» አሉት።

ስመለስ ሁለት ነገር አስያዘኝ። አንዱ ለእናቱ የሚሰጥ ፖስታ ነው። ጫማውን የሸጠው መስሎኝ ነበር፤ የሸጠው ብስክሌቱን ነው። አሁን ሌሊት ወደ መጋዘኑ የሚሄደው በሮጌው ስኬት ነው። ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው «መቼም የልጅ ነገር» ብለው ወደ ጣራው ቀና አሉ። ሁለተኛው ቅዳሜ ዕለት የተወዳደረባቸው ስምንት ጎማዎች ናቸው፤ ጠርዛቸው ስለተበላ ለውድድር አይሆኑም። «መስቀል አደባባይ ለሚጫወቱት ልጆች ስጥልኝ» አለኝ።

አንድ እሑድ ጠዋት በፌስታል ይዤላቸው ሄድኩ። ከበቡኝ። አንዱ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጎማውን ከእግሩ ጫማ ጋር ለካና ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ይሄ መቶ አሥር ነው። የኛ ሰማንያ ነው፤ ሻንሲው ውስጥ አይገባም።» ከበርሊን ድረስ ተሸክሜው መጥቼ አፈርኩ። ልጁ ግን አንዱን ጎማ አገላብጦ አየው፣ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ አዞረው። ዝም ብሎ፣ ያለ አንዳች ድምፅ፣ ረጅም ጊዜ ዞረ። ልጆቹ ተያዩ።

«ኩሽኔታው ግን ያው ነው» አለ።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ በመፍቻ አንድ በአንድ ነቅሎ አወጣቸው። አሥራ ስድስት። የእሱ ጫማም በትክክል አሥራ ስድስት ነው የሚፈልገው። የዛገውን አውጥቶ ጣለ፣ አዲሱን ከተተ፣ ጫማውን አሰረ።

«ይሄ በርሊን ተወዳድሯል ነው የምትለኝ ጋሼ?»

«ተወዳድሯል።»

«ስንተኛ ወጣ?»

መልሴን ሳይሰማ ወደ ስታዲየም አቅጣጫ ተፈተለከ።